ሰኔ ሲመጣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ አሁን ደግሞ ግፊትሽ ከፍ ብሏል ተባልኩ። እናንተ የዕለት ጭንቀትን በምን ትችሉታላችሁ?

የጀሞዋ (ጥያቄውን ያቀረበችው)

እንደምን አላችሁ ወገኖቼ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ነው የምሠራው። ይህን ሥራ የቀመሰ ሰው ሰኔ ምን እንደሆነ ያውቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ መከፈል የነበረበት ሁሉ በሰኔ አጋማሽ «ዛሬውኑ ይውጣ» እየተባለ ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራል። ፊርማ የጎደለው የክፍያ ሰነድ፣ ደረሰኝ ያልተያያዘበት ግዥ፣ አበል ወስዶ ያላወራረደ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ የሚንቀራፈፍ ሲስተም። በዚህ ስባዝን ውዬ ማታ ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀኛል። ቤት ስገባ ሁለት ልጆች፣ የቤት ሥራቸው፣ እራት።

ሥራዬን አልጠላሁትም። የከበደኝ ሌሊቱ ነው። ድካሙ ቶሎ ያስተኛኛል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ግን ብንን እላለሁ። ልቤ ድው ድው ይላል። ጥርሴን ነክሼ ነው መሰል የማድረው፣ ጠዋት መንጋጋዬን ያመኛል። ከዚያ «ያ የጽሕፈት መሣሪያ ክፍያ ዊዝሆልዲንጉ (ከክፍያ ላይ የሚያዘው ግብር) ተቀንሶ ነበር ወይ?» የሚል ሐሳብ ይመጣና እስኪነጋ አይለቀኝም።

ሰሞኑን ራሴን ሲያዞረኝ ሰፈር ያለ መድኃኒት ቤት ገብቼ ተለካሁ፤ 152 በ96 አለ። የለካኝ ልጅ «ሐሳብ ነው፣ አታስቢ» ብሎ ሸኘኝ። እንዴት ነው የማይታሰበው? እናቴ ጸበል ግቢ ትላለች፣ ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ፣ ባለቤቴ ሥራውን ተዪው። አባቴ ያረፈው በስትሮክ ስለሆነ ነገሩን ቀለል አድርጌ ማየት አቃተኝ። የምር የሠራላችሁን ንገሩኝ።


መንደሪን

አይዞሽ እህቴ። መልስ የለኝም፣ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የምትነቂው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔም የምነቃው በዚያው ሰዓት ነው። የሌሎቹን መልስ አብሬሽ እጠብቃለሁ።


የጤና ጣቢያ ሲስተር

እህቴ፣ ነርስ ነኝ፤ ግፊትና ስኳር ክትትል ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ቁጥሩ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

152 በ96ን አትናቂው። በአንድ ልኬት ደግሞ «ግፊት ያዘኝ» ብለሽ አትደምድሚ። እንዴት እንደተለካሽ አስታውሺ። ከፀሐይ ገብተሽ ወዲያው ነው? ማሰሪያው ሹራብ ላይ ነበር የተጠመጠመው? ክንድሽ ተንጠልጥሎ ነበር? ልጁ እየጠየቀሽ አንቺ እየመለስሽ ነበር? እነዚህ እያንዳንዳቸው ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ሽንት ይዞሽ ከሆነም ይጨምራል። በትክክል ሲለካ ቢያንስ 5 ደቂቃ አርፎ መቀመጥ አለ። ጀርባ ወንበሩን ተደግፎ፣ ሁለቱም እግር መሬት ረግጦ፣ እግር ሳይጣመር፣ ክንድ በልብ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ አርፎ፣ ማሰሪያው በባዶ ክንድ ላይ ሆኖ፣ አፍ ተዘግቶ። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም አይኖርም። ሁለት ጊዜ ይለካል፣ በመካከሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታረፋል። በተለያየ ቀን እንዲህ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ነው ግፊት አለ የምንለው።

አሁን «ሐሳብ ነው» ስለተባልሽው። ስንደነግጥ ወይም ስንጨነቅ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠብባል፣ ግፊት ይወጣል። ነገሩ ሲያልፍ ይወርዳል። ጭንቀቱ ወር ከወር ሲቀጥል ግን ሌላ መንገድ ያበጃል። እንቅልፍ ይጎድላል፣ ምግብ በጥድፊያ ይበላል፣ እንቅስቃሴ ይቀራል፣ አንዳንዱ መጠጥ ይጀምራል። በዚህ በኩል የመጣ ግፊት ሰኔ ስላለፈ ብቻ ላይወርድ ይችላል።

በየቀኑ የማየው ነገር ስላለ ይህን በደንብ ስሚኝ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ሰው «ሐሳብ ነው» ተብሎ ዓመታት ይቆይና ኩላሊቱ ወይም ዓይኑ ከተነካ በኋላ፣ አለዚያም አንድ ጎኑ ሰንፎ በቃሬዛ ይመጣልኛል። አባትሽ በስትሮክ ያረፉ ከሆነ ደግሞ አንቺ ከሌላው ቀድመሽ መታየት አለብሽ። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂ። ስኳርሽንም፣ ሽንትሽንም ያዩልሽ።

ለሁላችሁም፤ ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ወይም ደረትን የሚጨመድድ ሕመም ወደ ግራ ክንድና መንጋጋ ከተሰራጨ «ትንሽ ልተኛ» የሚባል ነገር የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።


ናዝሬት

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥሽ። የእኔ ጭንቀት ሥራ ሳይሆን ልጄ ናት። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዓመት ካለፉት ተማሪዎች ቁጥር ወዲህ (ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም ነበር) ቤታችን ሰላም አላየም። እሷ ታጠናለች፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እጨነቃለሁ። በመጨረሻ ምን አልኩ? ማታ ማታ ስለ ትምህርት ማውራት በቤታችን ቀረ። እራት ስንበላ ስለ ዘመድ፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ልብስ እናወራለን። መጽሐፉ ጠዋት ይከፈታል። ልጄ መሳቅ ጀመረች። እኔም ጨጓራዬ ተወት አደረገኝ።


ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም። ዲሲ አካባቢ ሹፌር ነኝ፣ ማታ ማታ ነው የምሠራው። የእኛን አገር ጭንቀት ለማታውቁት ልናገር።

ሰዓቱ እኛን አይጠብቅም። በበጋው እዚህ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ያኔ ስልኩ ይጮኻል። አክስት ታማለች፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ የወንድሜ ልጅ ኮሌጅ ሊከፍል ነው። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ወገኔ ነው። እኔ ደግሞ ኤርፖርት ማቆሚያ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ተራ እጠብቃለሁ። ከዚያ ተሳፋሪ ስወስድ እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዶክተሬ ግፊት ብሎ መድኃኒት አዘዘልኝ፣ አሁንም እወስዳለሁ።

ከመድኃኒቱ ሌላ የረዳኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከቤተሰብ ጋር የገንዘብ ወሬ እሑድ ብቻ ሆነ። እናቴን አስረድቼ፣ ታላቅ እህቴ ሁሉንም ጥያቄ ሰብስባ እሑድ ትነግረኛለች፣ በወሩ የምልከው ልክ ተወስኗል፣ እሷ ታከፋፍላለች። መጀመሪያ ያኮረፈ ነበር፤ አሁን ተለምዷል። የእውነት አደጋ ከመጣ እህቴ ሁለቴ ትደውላለች፣ ሌላው ሌሊት አይደውልም። ሁለተኛ፣ ተራ ስጠብቅ ከመኪና እወርዳለሁ። ማቆሚያውን ዙሪያውን ከአበሾቹ ጋር እያወራን እንዞራለን። ክረምት ሲሆን ኮፍያና ጓንት አድርገን። እግሬ ማበጡን ተወ፣ ያ የደረት ጥበት ለቀቀኝ።

እዚህ አገር ለምትኖሩ፣ ነገሩ ከጭንቀት አልፎ «ልሙት» የሚል ሐሳብ ከመጣ 988 ደውሉ፣ ሌት ተቀን ይሠራል። ከመካከላችን በዝምታ የሄዱ ልጆች አሉ። እባካችሁ።


እሜቴ

የጀሞዋ ልጄ፣ ቡና ስንት ሰዓት ነው የምትጠጪው? እንዲህ የምልሽ እኔ ራሴ ቡና የማፈላ ነኝ። አቦል ቶና በረካ ካልጠጣሁ ቀኑ ቀን አይመስለኝም። ግን ከሰዓት በኋላ የነበረውን ጀበና ወደ ጠዋት ካዞርኩት ወዲህ እንቅልፌ ተመልሷል። ጎረቤቶቼም አልቀሩብኝም፣ ሰዓቱን አብረውኝ ቀየሩ። ቡናውን ተዪ አልልሽም፤ ሰው ሐሳቡን የሚያወጣው እዚያ ነው። እኔ ባለቤቴ ሲያርፍ ያዳነኝ የቡና ጎረቤት ነው።


የጤና ጣቢያ ሲስተር

እሜቴ ያሉት ልክ ነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ስኒ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ደም ውስጥ አለ። ቢሮ ውስጥ ሰኔ ላይ ስንት ማኪያቶ እንደሚጠጣ አውቃለሁ፣ እኛም ሪፖርት ስናዘጋጅ እንዲሁ ነን። ከምሳ በኋላ ያለውን ተዪው።

ጨውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በአገራችን በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተደረገው ጥናት አማካዩ ከ8 ግራም በላይ መሆኑን አሳይቷል። ከየት ይመጣል? ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ቡናን በጨው የሚጠጣም ብዙ ነው። ሽሮና በርበሬሽን ስታዘጋጂ ጨው ሳታስገቢ አዘጋጂ፤ ወጥ ላይ ብቻ፣ በልክ። ቤተሰብሽ በሁለት ሦስት ሳምንት ይለምደዋል።


ዲያቆኑ

ሰላም ለኪ እኅታችን። እናትሽ ጸበል ግቢ ማለታቸው መልካም ነው። እኔም አምናለሁ፣ አገለግላለሁም። ነገር ግን ሲስተር ያሉሽን ትተሽ ወደ ጸበል ብቻ እንዳትሄጂ። በጸበል ቦታ መድኃኒታቸውን ጥለው የመጡ ሕሙማንን አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ መክረዋል። ለግፊትም ያው ነው። በጾም ወቅት የመድኃኒት ሰዓት ካስቸገረሽ ሐኪምሽንና ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ሰዓቱን ማስማማት ይቻላል፤ ሕመምተኛንም ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም።

ለእኔ ሌሊት ስነቃ የምደግመው መዝሙረ ዳዊት አለ። ሐሳቤን ለሚሰማኝ አስረክቤ እተኛለሁ። ስልክ አላነሳም።


ጉለሌ

ሁላችሁም ተራመጂ፣ ጨው ቀንሺ፣ ጸልዪ ትላላችሁ። ጥሩ። ግን የልጅቷ ችግር እኮ የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው መሰጠቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ግዥ የሚያጓትት ኃላፊ ሰኔ ላይ «አንቺ ነሽ ያዘገየሽው» ሲላት በመተንፈስ ይለቃታል? ለምን ሁሌ ሸክሙን የተሸከመው ሰው ራሱን እንዲያስተካክል ይነገረዋል? እኔ የምለው፣ አለቃዋ ዘንድ በጽሑፍ ታቅርብ። ሰው ይጨመርልን፣ ክፍያ ከዚህ ቀን በኋላ ያለ ሙሉ ሰነድ አንቀበልም ትበል። ካልሆነም ባለቤቷ ያለው ልክ ነው።


ሒሳብ ከባሕር ዳር

ጉለሌ፣ በመጀመሪያው ክፍል እስማማለሁ፣ በመጨረሻው አልስማማም። ሥራ ልቀቂ ማለት ደመወዟን የሚጠብቁ ልጆች ላሏት ሴት ሌላ ጭንቀት መጨመር ነው።

እኔም የመንግሥት ሒሳብ ላይ ብዙ ዓመት ነኝ፤ ሰኔን እንዴት እንዳበረድነው ልንገርሽ። መሥሪያ ቤታችን ከሚያዝያ ጀምሮ ለየዳይሬክቶሬቱ ደብዳቤ ይጽፋል። የቅድሚያ ክፍያ የወሰደ እስከዚህ ቀን ያወራርድ፣ ከዚህ ቀን በኋላ የግዥ ጥያቄ አይስተናገድም የሚል። ደብዳቤው በእኔ ስም ሳይሆን በበላይ ኃላፊው ፊርማ ነው የሚወጣው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አለበለዚያ ጠቡ ከእኔ ጋር ይሆናል። ያልተሟላ ሰነድ ሲመጣ ጠረጴዛዬ ላይ አይተኛም። የጎደለውን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከላዩ ላይ በስቴፕለር መትቼ በመዝገብ አስፈርሜ ወዲያው እመልሰዋለሁ። ኳሱ ከእኔ ወጣ ማለት ነው። እኔን ሌሊት ይቀሰቅሰኝ የነበረው የሚሠራው ሥራ አልነበረም። እጄ ላይ ያለውንና የሌለውን አለመለየቴ ነበር የሚያስነቃኝ።

ማታ ከቢሮ ስወጣ ነገ ጠዋት የማየውን በደብተር እጽፋለሁ። «የጽሕፈት መሣሪያ ክፍያ፣ ዊዝሆልዲንግ አረጋግጥ» ብለሽ ብትጽፊው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲመጣብሽ ደብተሩ ይዞታል፣ አንቺ መያዝ የለብሽም።


ሪያድ

እኔ የምጽፈው ከምሠራበት ቤት ሆኜ ነው፣ ሁሉ ከተኛ በኋላ። የእናንተን ሳነብ ጭንቀታችን ይለያያል ግን አንጎላችን አንድ ነው አልኩ። እዚህ እንቅልፍ የእኔ አይደለም። ማዳም ስትነቃ እነቃለሁ፣ ልጅ ሲያለቅስ እነቃለሁ፣ ረመዳን ሲሆን ሌሊቱ ቀን ነው። ቅዳሜ እሑድ የሚባል ነገር የለም። የደመወዜን ሁሉ ወደ ቤት እልክ ነበር። ለራሴ ያስቀረሁት ሳንቲም እንደሌለ ሳስብ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር፣ መተንፈስ ያቅተኝ ነበር።

እንደ እኔ ላሉ እህቶቼ ሁለት ነገር ልበል። ከደመወዛችሁ ትንሽም ብትሆን በራሳችሁ ስም አስቀምጡ፣ ለቤተሰብ «ይኼ የመመለሻዬ ነው» በሉ። ያንን ካደረግሁ በኋላ ነው ሌሊት መተኛት የቻልኩት። ሌላው፣ ከሰው ድምፅ አትራቁ። እኛ አምስት የአገር ልጆች ነን፣ በየቤቱ ተበታትነናል፣ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት እንላላካለን። ልብስ ስተኩስ አዳምጣለሁ። አንዷ ስለ እናቷ ማሳ ታወራለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፣ እናጽናናታለን። ድምጿ ለሁለት ቀን የጠፋች ካለች እንፈልጋታለን።

ለየጀሞዋ እህቴ፣ ማታ ልጆችሽ አጠገብሽ አሉ። አቅፈሻቸው ተኚ።


ሥነ አእምሮ ነርስ

ሪያድ እህቴ፣ የምታደርጉት ነገር በባለሙያ ቢመከር ከዚህ የተሻለ አይመከርም። በርቱ። «ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ» ያልሽው ተመልሶ ከመጣ ግን ልብሽንም ሳንባሽንም ሐኪም እንዲያይልሽ አድርጊ።

ለየጀሞዋ፣ ሌሊት ስትነቂ የሚሆነውን እኔ ልጨምር። ስትነቂ ሰዓት አትዪ፣ ስልክ አታብሪ። 20 ደቂቃ ያህል ከተገላበጥሽ ከአልጋ ውረጂ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ባለበት ተቀመጪ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ። አልጋ ላይ እየተጨነቁ መቆየት አእምሮን «አልጋ የመጨነቂያ ቦታ ነው» ብሎ ያስተምረዋል። ልብሽ ድው ድው ሲል በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፤ ለጥቂት ደቂቃ። ትንፋሽ ስናስወጣ ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ይበረታል፣ ለዚህ ነው የሚወጣው ከሚገባው መርዘም ያለበት። ካዞረሽ ተዪውና እንደወትሮሽ ተንፍሺ። ጥርስ ነክሰሽ የምታድሪ ከሆነ ለጥርስ ሐኪምም ተናገሪ፤ ጥርስን ይበላዋል።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የእንቅልፍ ክኒን እንዳትገዢ። ዲያዜፓም የመሰለው ቶሎ ይለመዳል፣ በድንገት ማቆሙም ይጎዳል። ሰው «ለእንቅልፍ» ብሎ አረቄ ወይም ቢራ ሲጠጣም አያለሁ። መጠጥ ያስተኛና በሌሊቱ እኩሌታ ይቀሰቅሳል። ጫት ደግሞ ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍንም ይዘርፋል።

መቼ ነው ወደ እኛ የሚመጣው? ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ የሚያስደስትሽ ነገር ሁሉ ከጠፋ፣ መብላትና መሥራት ካቃተሽ፣ መሞትን ከተመኘሽ። እባካችሁ «አማኑኤል ልትገባ ነው» የሚለውን ስድብ እንተው። ይህ ስድብ ስንቱን ሰው ሆስፒታሉ በር ላይ መልሶታል። አሁን የአእምሮ ሕክምና በአማኑኤል ብቻ ሳይሆን በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች፣ በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይሰጣል። የሚመጣው ሰው አብዛኛው እንደ እናንተ ሠራተኛ፣ እናት፣ ተማሪ ነው።


እግረኛ

ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ በታክሲ የምትሄዱ ሰዎች በእግራችሁ ሞክሩት፣ ቁልቁለት ነው፣ ደስ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፤ በሥራ ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ ይሞላዋል። ጂም አያስፈልግም። መስቀል አደባባይ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ደረጃውን የሚወጡትን እዩ፤ ሽማግሌ አለ፣ የቤት እመቤት አለች፣ ሯጭ አለ። በ2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የሚካሄድበት እሑድ ሲሆን ደግሞ ልጆችን ይዞ መውጣት ነው። የጀሞዋ፣ ማታ ሜክሲኮ ላይ ሰልፍ ከምትቆሚ ከቢሮ እስከ ለገሃር ተራምደሽ ከዚያ ታክሲ ያዢ። ጫማ መቀየሪያ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።


የጀሞዋ (ጥያቄውን ያቀረበችው)

እግዚአብሔር ያክብራችሁ ሁላችሁንም። እንዲህ ያለ ምላሽ አልጠበቅሁም።

ሲስተር እንዳለችው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አስቀምጠው፣ አሳርፈው ለኩኝ፤ 146 በ92። በሌላ ቀን 144 በ94። ስኳር የለብኝም፣ ሽንቴም ደህና ነው። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ተጀመረልኝ፣ ጨውና እርምጃውን አብሬ እንድቀጥል ተመከርኩ። ሳለቅስ ያየችኝ ነርስ እጄን ይዛ «ቀድመሽ መጣሽ እኮ» አለችኝ።

የባሕር ዳሩን ወንድሜን ምክር ጠረጴዛዬ ላይ ጀምሬዋለሁ። ትንሿን ወረቀት እየለጠፍኩ መመለስ። ሁለት ሰው ተቆጣኝ፣ ሌሎቹ አሟልተው መጡ። ኃላፊዬን ደግሞ ለመጪው ዓመት ደብዳቤው ከሚያዝያ ጀምሮ በእርሳቸው ፊርማ እንዲወጣ ጠየቅኋቸው፤ «ረቂቁን አምጪው» አሉኝ። ጉለሌ፣ ሰው ይጨመርልን የሚለውንም አብሬ ጻፍኩት። ሪያድ፣ ትናንት ማታ ትንሿን ልጄን አቅፌ ተኛሁ። እሜቴ፣ ቡናውን ወደ ጠዋት አዞርኩት።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጎረቤቴ «መድኃኒት አንዴ ከጀመርሽ አይቆምም፣ ነጭ ሽንኩርት ይሻልሻል» እያለች ታስፈራራኛለች። ሌላው፣ ቤት ውስጥ መለኪያ ልግዛ?


የጤና ጣቢያ ሲስተር

እንኳን ሄድሽ! ደስ ብሎኛል።

ነጭ ሽንኩርት ወጥሽ ውስጥ ይግባ፣ ይጣፍጣል። የመድኃኒቱን ቦታ ግን አይተካም። መድኃኒቱ ሱስ አይደለም። ክብደት፣ ጨው፣ እንቅስቃሴና እንቅልፍ ሲስተካከል ሐኪሙ መጠኑን የሚቀንስላቸው ሰዎች አሉ። በራስሽ ግን እንዳታቆሚ። «ዳንኩ፣ ቁጥሩ ወረደ» ብለው የሚያቆሙ ናቸው በስትሮክ የሚመለሱት፤ ቁጥሩን ያወረደው መድኃኒቱ ነው እኮ። አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚትን ያሳብጣል። ካበጠ ተመልሰሽ ንገሪ፣ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ይቀይሩልሻል፤ ደግሞ እንደ ኤናላፕሪል ያለው ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፣ እሱም ይቀየራል። ልጅ የማርገዝ ሐሳብ ካለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በእርግዝና የማይወሰዱ የግፊት መድኃኒቶች አሉ።

መለኪያ ከገዛሽ በላይኛው ክንድ የሚታሰረውን ግዢ፣ የእጅ አንጓው ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። ማሰሪያው ለክንድሽ ልክ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂና ከእነሱ ጋር አስተያዩት። ጠዋት ከመድኃኒትና ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ለካ እያደረግሽ በደብተር ጻፊ፤ ለሳምንት ያህል ብቻ፣ ከዚያ በቀጠሮሽ ይዘሽ ሂጂ። ቀኑን ሙሉ እየደጋገምሽ አትለኪ። ሰኔ 30 ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አትለኪው፤ ያን ቀን የማንኛችንም ቁጥር ልክ አይሆንም።


መንደሪን

ሲስተር፣ እኔም ነገ ጠዋት ልለካ እሄዳለሁ። ሹራቤን አውልቄ።